በቅባት ጉዳይ የፈሰሰ ደም

(ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1967 ጸደይ በቬትናም፣ ኬ ሳን ከተባለው የጦር ሰፈር አጠገብ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የአሜሪካ ማሪኖችና የሰሜን ቬትናም ጦር ተናንቀው ነበር። ኮረብታዎቹ በአሜሪካኖቹ ካርታ ላይ ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ በሜትር ከፍታቸው ብቻ 861፣ 881 ይባላሉ። ከዚያ ውጊያ የተረፈ አንድ ማሪን ወደ አገር ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ከሞቱት ጓዶቹ አብዛኞቹ ሲገኙ ጠመንጃቸው ተፈታቶ አጠገባቸው ነበር፤ ጥይት እየዘነበባቸው መሣሪያቸውን ሊጠግኑ ሲታገሉ ነው የሞቱት አለ። ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በአሜሪካ ምክር ቤትም ተነበበ። በዓለም ሀብታም የሆነው ጦር ልጆቹን የማይተኩስ ጠመንጃ አስይዞ ወደ ጫካ እንደላካቸው ሕዝቡ ያኔ ሰማ።

ስለ ጠመንጃ ሲወራ ሰው የሚጠይቀው የት አገር ሥራ እንደሆነ፣ ስንት ጥይት እንደሚጎርስ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። በምን እንደሚወለወልና ምን እንደሚቀባ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ የመጋዘን ጠባቂና የአሥር አለቃ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ታሪኩ ሲታይ ግን በቅባትና በመወልወያ ምርጫ ሳቢያ ጦርነት ተቀስቅሷል፣ አንድ ትልቅ ኩባንያ አገር ከመግዛት ተሰናብቷል፣ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎችም በሸንጎ ፊት ላብ አጥምቋቸዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከባሩዱ መጀመር ይሻላል። ጥንታዊው ጥቁር ባሩድ ከመቶ እጅ 75ቱ ጨው ጴጥሮስ፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው። ሲቃጠል ሁሉም ጢስ ሆኖ አይሄድም። በክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደረቅ ዝቃጭ ነው፤ የተወሰነው በጢሱ ይበተናል፣ የቀረው አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል። ይህ ጥላሸት በብዛት ጨው ነው፤ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። በጥቁር ባሩድ የተኮሰ ሰው ጠመንጃውን በዚያው ዕለት ካላጸዳ በማግሥቱ ዝገት ያገኛል።

ታዲያ በምን ያጸዳው ነበር? በውኃ። ያውም በፈላ ውኃ። ብረትና ውኃ ጠላቶች ሆነው ሳለ ይህ ግራ የሚያጋባ ይመስላል። ግን ወጥ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ዘይት ውስጥ ጨው ቢጨመር ከድስቱ ሥር ተቀምጦ ይቀራል፣ ውኃ ሲገባበት ነው የሚሟሟው። አፈሙዙን ጥላሸቱ ላይ ዘይት የሚያጠጣ ሰውም ጨውን ከዘይቱ ሥር ቀበረው እንጂ አላወጣውም። የድሮ ወታደር ስለዚህ በመጀመሪያ በፈላ ውኃ ያጥባል፣ በጨርቅ ያደርቃል፣ መጨረሻ ላይ ነው ጮማ ወይም ዘይት የሚቀባው። ኬሚስትሪውን ሳያውቅ ሥርዓቱን ያውቅ ነበር።

የጮማው ዓይነት የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በህንድ ነው። በ1850ዎቹ የብሪታንያ ጦር ኤንፊልድ የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ያዘ። ጠመንጃው የሚጎርሰው በአፉ በኩል ነው፤ በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድና አረር ለወታደሩ ይታደላል። ወታደሩ የወረቀቱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይቀድዳል፣ ባሩዱን ያፈስሳል፣ ከዚያ አረሩን ከነወረቀቱ በዘንግ ገፍቶ ያስገባል። አዲሱ ጠመንጃ አረሩን የሚያሽከረክር ጠመዝማዛ ስንጥቅ ውስጡ ስላለው ጥላሸት ሲጠራቀምበት አረሩ አልገባ ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ በቅባት ተነከረ። ቅባቱ እያለሰለሰ ያስገባል፣ የቆየውን ጥላሸትም ያላቅቃል። እንደ መሐንዲስ ሥራ እንከን አይወጣለትም።

ያ ቅባት ግን ወደ አፍ የሚገባ ነበር። የቤንጋል ጦር ወታደሮች በብዛት ከፍተኛ ዘር ያላቸው ሂንዱዎችና ሙስሊሞች ናቸው። ለሂንዱው ላም የተቀደሰች ናት፣ ለሙስሊሙ አሳማ እርም ነው። ቅባቱ ከእንስሳ ጮማ የሚሠራ ሲሆን ጮማው ከየትኛው እንስሳ እንደሚመጣ በጥብቅ የሚቆጣጠር አልነበረም። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ተለይቶ በሚበላባት ኢትዮጵያ ላደገ አንባቢ የነገሩን ክብደት ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። እንዲያውም የሚያስገርመው አደጋውን አስቀድሞ ያየ መኮንን መኖሩ ነው። ኮሎኔል ታከር የተባለ ሰው ገና በ1853 የጥይቱ ቅባት የየትኛውንም ሃይማኖት ሰው የማያስቀይም መሆኑ ሳይረጋገጥ ለአገሬው ወታደር እንዳይታደል ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ።

በጥር 1857 በካልካታ አጠገብ ዱም ዱም በተባለው የጦር መሣሪያ ማዕከል ወሬው ፈነዳ። እንደሚተረከው አንድ በዘር ዝቅ ተደርጎ የሚታይ የቀን ሠራተኛ አንድን ብራህሚን ወታደር ከዕቃው ውኃ እንዲያጠጣው ለመነው። ወታደሩ ዕቃዬ ይረክሳል ብሎ እምቢ ሲለው፣ ሠራተኛው የላምና የአሳማ ጮማ በጥርስህ ልትነክስ አይደል፣ ያኔ ዘርህ የት ይገባል ብሎ መለሰለት። ወሬው ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር በረረ።

መኮንኖቹ ዝም አላሉም። ጄኔራል ሄርሲ ወታደሮቹ ከገበያ የፈለጉትን ሰምና ዘይት ገዝተው ራሳቸው ይቀቡ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ተፈቀደ። ወረቀቱ በጥርስ መነከሱ ቀርቶ በእጅ ይቀደድ ተባለ። በወረቀት ላይ ችግሩ ተፈታ። ጥርጣሬ ግን አንዴ ከገባ ቅባት በመቀየር አይወጣም። ወታደሮቹ አሁን ደግሞ ወረቀቱን ራሱን ይመረምሩ ጀመር። ያብረቀርቃል፣ ጮማ ቢኖርበት ነው አሉ። የዕለት ተዕለት ልማዳቸው እንዲቀየር መታዘዙ ራሱ ማስረጃ ሆነባቸው፤ ንጹሕ ከነበረ ለምን ትቀይሩታላችሁ?

መጋቢት 29 ቀን በባራክፖር ማንጋል ፓንዴ የተባለ ወታደር በመኮንኖቹ ላይ ተኮሰ፤ ሚያዝያ 8 ቀን ተሰቀለ። ሚያዝያ 24 ቀን በሜሩት አንድ የፈረሰኛ አዛዥ 90 ሰዎችን አሰልፎ ጥይት እንዲቀበሉ አዘዘ። 85ቱ አንቀበልም አሉ። የሚታደለው ለዓመታት ሲተኩሱበት የኖሩት አሮጌው ዓይነት ጥይት እንጂ ያ የተጠረጠረው አልነበረም። ያ ግን ለማንም ግድ አልነበረውም። ግንቦት 9 ቀን የጦር ጓዶቻቸው እያዩ ልብሰ ሠራዊታቸው ተገፍፎ በእግር ብረት ተቆለፉ፤ አብዛኞቹ 10 ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደባቸው። በማግሥቱ፣ እሑድ ምሽት፣ ሜሩት ነደደች። በሁለተኛው ቀን ዓመፀኞቹ ዴልሂ ነበሩ።

ቅባቱ ብቻውን ያን ሁሉ አመጣ ማለት ግን ታሪክን ማቅለል ይሆናል። በ1856 የአዋድ መንግሥት በኩባንያው መጠቅለሉ፣ የመሬት ጉዳይ፣ የደመወዝና የሹመት ቅሬታ፣ ሚስዮናውያን ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡን ነው የሚለው ፍርሃት፣ ሁሉም ተከማችቶ ነበር። ቅባቱ በዚህ ሁሉ ላይ የወደቀ እሳት ነው። በ1858 የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሥልጣን ወደ ብሪታንያ ዘውድ ተላለፈ፤ የመጨረሻው የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ወደ ራንጉን ተጋዘ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ይገዛ የነበረ ኩባንያ ለወታደሩ ምን እንደሚያነክሰው ሳይጠይቅ በመቅረቱ ከገባበት ማጥ አልወጣም።

ከዚያ ባሩዱ ራሱ ተለወጠ። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬ በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ለቤል የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ በዚያ ባሩድ ወጣ። አሥር ዓመት ሳይሞላ የአውሮፓ ጦር ሁሉ ተከተለ። ጥላሸቱ እጅግ ቀነሰ። ብዙ ሰው የፈላ ውኃ ዘመን አበቃ ብሎ ደስ አለው።

ዝገቱ ግን አላበቃም። ተኳሹ አፈሙዙን በዘይት ወልውሎ፣ አንጸባርቆ ያስቀምጠዋል፤ ከቀናት በኋላ ሲያየው ቀይ ሆኗል። እንደገና ይወለውለዋል፣ እንደገና ይዝጋል። ጊዜው የኬሚስትሪ ዘመን ነውና መላ ምቱ ወዲያው ተገኘ፤ አዲሱ ባሩድ የሚሠራው በናይትሪክ አሲድ ስለሆነ ሲቃጠል አሲድ ትቶ ይሄዳል ተባለ። አሲድ ያረክሳሉ የሚባሉ ዘይቶችና ፈሳሾች ገበያውን ሞሉት። አንዳንዶቹ እውነትም ጥሩ ነበሩ። በ1903 ፍራንክ ኦገስት ሆፒ በፊላዴልፊያ የቀመመው ሆፒስ ቁጥር 9 ዛሬም ይሸጣል። ጀርመን ውስጥ የክሌቨር ድርጅት በ1904 ባሊስቶል የተባለውን ዘይት አወጣ። የጀርመን ጦር የፈለገው ለብረቱ፣ ለእንጨቱና ለቆዳ ማንገቻው በአንድነት የሚሆን ቅባት ነበር፤ በ1905 ተቀብሎት እስከ 1945 ተጠቀመበት። ባሊስቶል ከውኃ ጋር ይዋሐዳል፣ እንደ ወተት ነጭ ይሆናል። ይህ ጠባዩ ፈጣሪዎቹ ካሰቡት በላይ ሳይጠቅመው አልቀረም።

ምክንያቱም ችግሩ አሲድ አልነበረም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ይሠራ የነበረው ዊልበርት ሃፍ ነገሩን መርምሮ ጥፋተኛውን አገኘው። በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው እሳት አጫሪ ቁራጭ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ቅመም ነበር። ይህ ቅመም ሲፈነዳ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ ይኸውም የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። መጠኑ ጥቂት ነው፣ ግን በእያንዳንዱ ተኩስ አፈሙዙ ውስጥ ይረጫል። በጥቁር ባሩድ ዘመን ብዙው ጥላሸት ስለሚያቀጥነውና ተኳሹም በውኃ ስለሚያጥበው ማንም ልብ አላለውም። ባሩዱ ሲጠራና ውኃው ሲቀር ጨዉ ብቻውን ቀረ። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም።

በዚህ መሐል የብሪታንያ ወታደር አፈሙዙ ላይ ማንቆርቆሪያ እየደፋ በፈላ ውኃ ማጠቡን አልተወም ነበር። ኋላ ቀር መስሎ የታየው እርሱ ነው ትክክል የነበረው። እንዲህ ያለው ነገር በታሪክ ደጋግሞ ይታያል፤ አዋቂው በመላ ምት ሲሮጥ ባለልማዱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁልጊዜ አይደለም፣ በዚህ ጉዳይ ግን እንዲያ ነበር።

በ1920ዎቹ በጀርመንና በአሜሪካ ጨው የማይተዉ እሳት አጫሪዎች ለገበያ ቀረቡ። ጦር ሠራዊቶች ግን አልቸኮሉም። አሮጌው ቅመም በመጋዘን ለዓመታት ሳይበላሽ እንደሚቆይ ይታወቃል፤ አዲሱን ገና አላመኑትም። የአሜሪካ ጦር ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጋው በአብዛኛው በአሮጌው ነው። ከዚህ የተለየችው አጭሯ ኤም 1 ካርባይን ናት፤ የጋዝ ክፍሏን ወታደሩ በቀላሉ ፈትቶ ማጠብ ስለማይችል ጥይቷ ከመጀመሪያው ያለ ጨው ተሠራ።

ሶቪየቶች ነገሩን በሌላ መንገድ ያዙት። ጥይቱን ሳይቀይሩ ወታደሩን አስታጠቁት። የሩሲያ ወታደር የሚሰጠው የዘይት ቆርቆሮ ሁለት ክፍልና ሁለት ክዳን አለው። በአንዱ ጨዉን የሚያጥብ አልካላይ ፈሳሽ፣ በሌላው ዘይት ይገባል፤ በጨለማም በመዳሰስ እንዳይምታቱ በየክዳኑ በኩል ፊደል ተቀርጾበታል። በጦር ሰፈር ደረጃ ደግሞ የሚበጠበጥ መድኃኒት ነበር፤ ለ1 ሊትር ውኃ 200 ግራም አሞኒየም ካርቦኔትና ከ3 እስከ 5 ግራም ፖታሲየም ዳይክሮሜት። የመጨረሻው መርዝ ነውና ዛሬ ማንም እንዲነካው አይመከርም። ጨዉን ግን ያወጣል።

በ1949 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ክላሽንኮቭ በዚህ አስተሳሰብ የተሠራ ነው። የአፈሙዙ ውስጥ በክሮም ተለብጧል፣ ጨው ቶሎ አይበላውም። መወልወያ ዘንጉ ከአፈሙዙ ሥር ተሰክቶ አብሮ ይዞራል። ሰደፉ ላይ በጸደይ የምትከደን ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ ብሩሽና መፍቻ የያዘች ትንሽ ቱቦ ትቀመጣለች። ከ1977 በኋላ በሶቪየት መሣሪያ በተዋጋችው ኢትዮጵያ ክላሽ ፈትቶ ያየ ሁሉ ያችን ቀዳዳ ያውቃታል። የዲዛይነሩ ግምት ግልጽ ነው፤ ወታደሩ ይደክማል፣ ስንቅ ይዘገያል፣ መጋዘኑ ሩቅ ነው፣ ስለዚህ መወልወያው ከመሣሪያው አይለይ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቬትናም መመለስ የሚቻለው።

ኤም 16ን የነደፈው ዩጂን ስቶነር ጎበዝ መሐንዲስ ነበር። ጠመንጃው ቀላል፣ ጥይቱ ትንሽ፣ ወታደር ብዙ ጥይት የሚሸከምለት ነው። አሠራሩ የተለየ ነበር፤ ጥይት ሲተኮስ ከአፈሙዙ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ መቀርቀሪያው ክፍል ውስጥ ይገባል። ይህ ማለት ባሩዱ የሚተወው ቆሻሻ ሁሉ በቀጥታ ወደ መሣሪያው ሆድ ይነፋል ማለት ነው። ባሩዱ ንጹሕ ከሆነ ችግር የለም። ስቶነር ያሰበውም በንጹሕ ባሩድ ነው፤ ዱፖንት በሚሠራው አይ ኤም አር 4475።

በ1964 ጦሩ ባሩዱን ቀየረ። ለጥይቱ የተወሰነውን ፍጥነትና ግፊት በዱፖንት ባሩድ በብዛት ማምረት አስቸጋሪ ነው ተባለና ኦሊን ማቲሰን በሚሠራው ደብልዩ ሲ 846 ተተካ። ይህኛው ድቡልቡል ፍሬ ያለው ባሩድ ነው፤ በሌሎች የጦር ጥይቶች የታወቀ ነበር። በውስጡ ግን ካልሲየም ካርቦኔት አለው፤ በተማሪ ቤት ቋንቋ ጠመኔ። ጠመኔው የተጨመረው ከአሠራሩ የሚቀር አሲድን አርክሶ ባሩዱን እንዳይበላሽ ለመጠበቅ ነው። ሲቃጠል ግን በቀጭኑ የጋዝ ቱቦና በመቀርቀሪያው ላይ ይጋገራል። በዚያ ላይ አዲሱ ባሩድ ጠመንጃው ከታሰበለት ፍጥነት በላይ እንዲተኩስ አደረገው፤ መቀርቀሪያው ቀለሁ ገና ከጥይት መጉረሻው ግድግዳ ሳይላቀቅ ሊጎትተው ይጣደፋል።

ይህን ፋብሪካው አላየም? አየ። ኮልት ከተመረተ በኋላ በሚደረገው የርክክብ ፍተሻ ጠመንጃዎቹ በአዲሱ ባሩድ ሲተኮሱ የፍጥነት ገደቡን ያልፉ ነበር። ጦሩ የሰጠው መፍትሔ የሚገርም ነው፤ ለፍተሻ አሮጌውን ባሩድ ተጠቀሙ ተባለ። ጠመንጃው በአንድ ባሩድ ፈተና ያልፋል፣ በሌላ ባሩድ ጦር ሜዳ ይላካል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማይታለፈው ይህ ነው። ቅባትና ጽዳት የጎደለበት ወታደር ቸልተኛ ሊባል ይችላል። ይህን ፈቃድ የፈረመ ሰው ግን ምን ይባላል?

ሌላም አለ። ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት የፓሲፊክ ውጊያ የተገኘው ትምህርት በሞቃትና እርጥብ ጫካ የሚውል አፈሙዝ በክሮም መለበጥ አለበት የሚል ነበር። ኤም 16 ያለ ክሮም ወጣ። በቬትናም እርጥበት የጥይት መጉረሻው ውስጥ ጥቃቅን የዝገት ጉድጓዶች ተፈጠሩ፤ ቀለሁ ሲሞቅና ሲለጠጥ እነዚያ ጉድጓዶች ይነክሱታል። መንጠቆው የቀለሁን ጠርዝ ይቀድዳል፣ ቀለሁ ግን ውስጥ ይቀራል። ያኔ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ከአፈሙዙ በኩል ዘንግ ከትቶ መግፋት። ልክ እንደ ኤንፊልድ ዘመን።

ዘንግ ግን አልነበረም። ጠመንጃው ብዙ ጽዳት አይፈልግም የሚል ዝና ቀድሞት ነበር። በ1965 መጨረሻ ጄኔራል ዌስትሞርላንድ በብዛት ይላክልኝ ሲል ጠመንጃው በአስቸኳይ ተላከ፤ መወልወያው፣ ብሩሹና መመሪያው በበቂ አልተከተለውም። ወታደሮች በጥርስ ብሩሽና በጢም ብሩሽ ይወለውሉ ነበር። ዘንግ ያገኘ ሰው እንዳይጠፋበት ከጠመንጃው ጎን በፕላስተር ያጣብቀዋል። ከአገር ቤት ቤተሰቦች ድራይ ስላይድ የተባለ ቅባት በፖስታ ይልኩላቸው ነበር። የዓለም ኃያል ጦር ወታደር የጠመንጃውን ቅባት ከእናቱ ይጠብቃል።

በግንቦት 1967 ምክር ቤቱ በሚዙሪው ተወካይ ሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ልዩ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። አባላቱ ቬትናም ድረስ ሄደው ወታደሮቹን ጠየቁ። የጦሩ መልስ መጀመሪያ ላይ አንድ ነበር፤ ወታደሩ አያጸዳም። ይህ ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ አጽዱ ተብለው ያልሠለጠኑ ልጆች ያላጸዱበት ጊዜ አለ። ግን ንጹሕ የሆኑትም ጠመንጃዎች ይነክሱ ነበር። በጥቅምት የወጣው ሪፖርት የባሩዱ ለውጥ በበቂ ፍተሻ ያልተደገፈ መሆኑን አስፍሮ፣ ሥልጣን ያላቸው ሹማምንት ችግሩን እያወቁ አለማስተካከላቸው ለወንጀል የቀረበ ቸልተኝነት ነው ሲል ደመደመ። ለአንድ የምክር ቤት ሰነድ ይህ በጣም ከባድ ቃል ነው። ተከሶ የታሰረ ግን የለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። በ1967 የጥይት መጉረሻው በክሮም መለበጥ ጀመረ፣ ኋላም አፈሙዙ በሙሉ። የባሩዱ ጠመኔ እንዲቀንስ ተደረገ። ኤል ኤስ ኤ የተባለ፣ ሙቀትና ዝናብ ቶሎ የማያጥበው ነጭ ቅባት በብዛት ታደለ። በ1968 ታዋቂው የሥዕላዊ ታሪክ ሠዓሊ ዊል አይስነር ለጦሩ ትንሽ ባለቀለም መጽሐፍ ሠራ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የማይሰለቸው፣ እያሳቀ የትኛው ክፍል በምን እንደሚጸዳ የሚያስተምር። በ1970ዎቹ መጀመሪያም የኤም 16 ሰደፍ ላይ መወልወያ የሚያዝባት ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተች። ክላሽ ከሃያ ዓመት በላይ ይዟት የኖረችው ዓይነት ቀዳዳ።

የአየር ጠባይ የራሱ ታሪክ አለው። በ1941 ክረምት በሞስኮ ደጃፍ የጀርመኖች የመትረየስ ዘይት እንደ ሙጫ ረጋ፤ በኋላ ዘይቱን በነጭ ጋዝ ማቅጠንን፣ አንዳንዴም ጠርጎ በደረቁ መተውን ተማሩ። በኅዳርና ታኅሣሥ 1950 በኮሪያ ቾሲን ሐይቅ የአሜሪካ ማሪኖች ካርባይን በቅዝቃዜ ሲተሳሰር የፀጉር ቅባት ሳይቀር የሞከሩ ነበሩ። በግንቦት 1951 ኮሪያ የደረሰውና ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈው የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃም በእነዚሁ የአሜሪካ መሣሪያዎች ነው የኮሪያን ክረምት ያሳለፈው። ለብርድ የሚስማማው ሕግ ቀጭን ዘይት፣ ያውም በጥቂቱ ነው። ለበረሃ ደግሞ ዋናው ጠላት አቧራ ነው። ዘይት አቧራን ጠርቶ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናሉ።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ዕውቀት ዛሬ በአንድ ጠርሙስ ተጠቃሎ ይሸጣል። ሲ ኤል ፒ የተባለው ቅባት አንድም ያጸዳል፣ አንድም ያለሰልሳል፣ አንድም ከዝገት ይጠብቃል። ሦስቱንም ይሠራል፤ ሦስቱንም እንደ ባለሙያው አይሠራም። ጨው በሚተው አሮጌ ጥይት ለተኮሰ ሰው ሲ ኤል ፒ ብቻውን አይበቃውም፤ አሁንም መጀመሪያ ውኃ ነው፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ መጨረሻ ዘይት። በየጋራዡ የሚገኘው ደብልዩ ዲ 40 በ1953 የተቀመመው ከብረት ላይ እርጥበት ለማባረር ነው፤ ለዚያ ግሩም ነው፣ ለማለስለስ ግን ቶሎ ይጠፋል። የምግብ ዘይት ከጊዜ ብዛት ይደርቅና እንደ ቫርኒሽ ይጣበቃል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ያጠራቀመውን አሲድና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ ሰው ዘይት በበዛ ቁጥር ይሻላል ብሎ ያጥለቀልቀዋል፤ የአቧራውን ታሪክ ያላነበበ ነው።

መጋቢት 23 ቀን 2003 በደቡብ ኢራቅ የአሜሪካ 507ኛ የጥገና ሻምበል ተሽከርካሪዎች መንገድ ስተው ናሲሪያ ከተማ ገቡ። ሾፌሮች፣ መካኒኮች፣ የመጋዘን ሠራተኞች ናቸው፤ ለቀናት በአሸዋ ተጉዘዋል፣ በቂ እንቅልፍ አላገኙም። ከየአቅጣጫው ተኩስ ሲከፈትባቸው የብዙዎቹ ጠመንጃ ነከሰ። ከኮንቮዩ 11 ወታደሮች ሞቱ፣ ሌሎችም ተማረኩ። የጦሩ ምርመራ መሣሪያዎቹ የነከሱት በበረሃው ሁኔታ በቂ የግል ጽዳት ሳይደረግላቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል አለ። ወታደሮች በበኩላቸው የተሰጠው ቅባት አሸዋ ይስባል ሲሉ ያማርሩ ነበር።

ከተማረኩት አንዷ የ19 ዓመቷ ጄሲካ ሊንች ነበረች። ጋዜጦች መጀመሪያ ላይ ጥይቷ እስኪያልቅ የተዋጋች ጀግና አድርገው ጻፉላት። እርሷ ከተፈታች በኋላ እውነቱን ተናገረች፤ ጠመንጃዋ ነክሶ ነበር፣ አንድም ጥይት አልተኮሰችም።